ዋት፣ ሙቀትና እውነት፤ የድምፅ ማጉያ ኃይል አለካክ አጭር ታሪክ ከጁባ ታውን ሲታይ

መነሻ

በጁባ ታውን ከሚገኙት የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ መሸጫ ሱቆች ወደ አንዱ የገባ ሰው አስቀድሞ ዓይኑን የሚስበው በካርቶኑ ላይ በትልቁ የታተመው ቁጥር ነው። አንዱ 3000 ዋት ይላል፤ ሁለተኛው 5000 ይላል፤ ሦስተኛው ከሁለቱም ይበልጣል። ገዢው ዋጋውን ከቁጥሩ ጋር ያስተያይና ብዙ ዋት በጥቂት ገንዘብ ያገኘ መስሎት ዕቃውን ተሸክሞ ይሄዳል።

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ያነሣሣኝ በዚሁ ከተማ አንዲት ኢትዮጵያዊት በሚያስተዳድሩት ምግብ ቤት ውስጥ ያየሁት ነገር ነው። ዕለቱ የገና በዓል ነበር። በቤቱ የተሰበሰቡት ኢትዮጵያውያን ከበዓሉ ጋር አያይዘው ለአንድ የታመመ ወገናቸው የመታከሚያ ገንዘብ ያሰባስቡ ነበር። የሚረዱት ሰዎች ስም በሚነበብበትና የቀሩትም እንዲጨምሩ በሚለመኑበት ሰዓት ድምፅ ማጉያው በድንገት ዝም አለ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ተመልሶ ሠራ፤ ጥቂት ቆይቶ ግን እንደገና ዝም አለ። በዚህ መካከል ከተሰበሰበው ሰው ብዙው ተነሥቶ ሄደ። ዕቃው የተቀመጠው በመስታወት በር የተዘጋ ቡፌ ውስጥ ሲሆን፣ በላዩ ላይ ደግሞ ጥሩ ዳንቴል ተነጥፎበት ነበር።

የቤቱ ባለቤት፣ «ምን ጉድ ነው ልጄ! አምስት ሺህ ዋት ነው ብለው አይደል እንዴ የሸጡልኝ?» ሲሉ አንድ የሬዲዮ ጥገና የሚያውቅ ወጣት ዕቃውን ከቡፌው አወጣና ጀርባውን አሳያቸው። «እትዬ፣ ዕቃው አልተበላሸም፤ ታፍኖ ነው። ደግሞ እዚህ ላይ ያንብቡት፤ ከመስመር የሚወስደው 120 ዋት ብቻ ነው» አላቸው።

120 ዋት የሚበላ ዕቃ 5000 ዋት እንዴት ሊያወጣ ይችላል? ጥያቄው ለማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚቀርብ የፊዚክስ ጥያቄ ነው። ነገር ግን መልሱ በፊዚክስ ብቻ አያልቅም። ታሪክም አለበት። ከዚህ ቀጥሎ የምንመለከተው የዋት ቁጥር ከየት እንደመጣ፣ እንዴት እንደተበላሸ፣ በሕግስ እንዴት እንደተስተካከለ፣ በመጨረሻም እንደ ጁባ ባለ ሞቃት አገር ምን ማለት እንደሆነ ነው። ኢትዮጵያን የሚመለከቱ ዘመኖች «ዓ.ም.» ሲባሉ፣ ሌሎቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.) የተጻፉ ናቸው።

የዋት ልደት

ስሙ የተወሰደው እ.ኤ.አ. በ1819 ከሞተው ከስኮትላንዳዊው መሐንዲስ ከጄምስ ዋት ነው። ዋት የእንፋሎት ሞተሩን ለማዕድን ቆፋሪዎችና ለባለፋብሪካዎች በሚሸጥበት ጊዜ ደንበኞቹ የሚያውቁት የኃይል ምንጭ ፈረስ ነበር። ስለዚህ አንድ ጠንካራ ፈረስ በአንድ ደቂቃ ምን ያህል ሥራ ሊሠራ እንደሚችል አስልቶ «የፈረስ ጉልበት» የሚባለውን መለኪያ አወጣ። ይህም በዛሬው አቆጣጠር 746 ዋት ያህል ነው። እንግዲህ የኃይል መለኪያ ገና ሲወለድ ከሽያጭ ጋር የተያያዘ እንደነበረ ልብ ይሏል። ይሁን እንጂ የዋት መለኪያ በግልጽ በሚታይ ክብደት፣ ርቀትና ጊዜ ላይ የተመሠረተ ስለነበረ ገዢው ራሱ ሊያረጋግጠው ይችል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ መጀመሪያ እንግሊዛዊው ጄምስ ጁል የኤሌክትሪክ ጅረት በሽቦ ውስጥ ሲያልፍ የሚፈጠረውን ሙቀት ለካ። ሙቀቱ በጅረቱ ካሬ ልክ እንደሚያድግም አሳየ። እ.ኤ.አ. በ1882 ደግሞ ዊልያም ሲመንስ በብሪታኒያ የሳይንስ ማኅበር ጉባኤ ላይ የኤሌክትሪክ ኃይል መለኪያ በጄምስ ዋት ስም እንዲጠራ ሐሳብ አቀረበ። አንድ ዋት ማለት በአንድ ሴኮንድ ውስጥ የሚሠራ የአንድ ጁል ሥራ ነው። ሁለቱ ስሞች፣ ዋትና ጁል፣ እንዲህ ጎን ለጎን መቆማቸው ለርእሳችን ጠቃሚ ነው። ከድምፅ ማጉያ ውስጥ ድምፅ ሆኖ ያልወጣው ዋት ሁሉ የጁል ሙቀት ሆኖ መቅረቱ የማይቀር ነውና።

ድምፅ መጉላት የጀመረበት ዘመን

እ.ኤ.አ. በ1906 አሜሪካዊው ሊ ዲ ፎረስት ሦስት ምሰሶዎች ያሉትን የቫኪዩም ቱቦ ሠራ። ደካማ የኤሌክትሪክ ምልክትን ወደ ብርቱ ምልክት ለመለወጥ የተቻለው ከዚያ ወዲህ ነው። እ.ኤ.አ. በ1915 ፒተር ጄንሰንና ኤድዊን ፕሪድሃም በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ የገና ዋዜማ ዕለት በአደባባይ ለተሰበሰበ ብዙ ሕዝብ ሙዚቃና ንግግር በድምፅ ማጉያ አሰሙ። ከአራት ዓመት በኋላም የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ዉድሮው ዊልሰን በሳን ዲዬጎ ስታዲየም በዚሁ ዓይነት መሣሪያ በአሥር ሺዎች ለሚቆጠር ሕዝብ ተናገሩ። እ.ኤ.አ. በ1925 ደግሞ ራይስና ኬሎግ ዛሬም የምንጠቀምበትን በማግኔት ውስጥ በሚንቀሳቀስ ጥቅል ሽቦ የሚሠራ ስፒከር ለዓለም አስተዋወቁ።

ወደ አገራችን ስንመለስ የአቃቂው የሬዲዮ ጣቢያ በ1927 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። ከዚያ በኋላ ድምፅ ማጉያ ከቤተ መንግሥትና ከአደባባይ ወደ ቲያትር ቤት፣ ወደ ቤተ ክርስቲያንና ወደ መስጊድ፣ ቆይቶም ወደ ሠርግ ቤት ገባ። «ሞንታርቦ» የሚለው ቃል እንኳ ከአንድ የጣሊያን ፋብሪካ ስም መጥቶ በአማርኛ የማንኛውም ትልቅ ድምፅ ማጉያ መጠሪያ ሆኗል።

ጁባም የራሷ ድርሻ አላት። የደቡብ ሱዳንን የመጀመሪያ የእርስ በርስ ጦርነት ያቆመው ስምምነት በ1964 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተፈረመ በኋላ ጁባ የክልሉ መንግሥት መቀመጫ ሆነች። በዚያ የሰላም ዘመን ስካይላርክስና ረጃፍ ጃዝ የተባሉ የሙዚቃ ጓዶች የናይሮቢንና የካምፓላን ስልት ይዘው ይጫወቱባት ነበር። ጦርነቱ እንደገና ሲነሣ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 የነፃነት ጦሩ ሬዲዮ ከኢትዮጵያ ምድር ያሰራጭ ስለነበር ድምፅ በሁለቱ አገሮች መካከል ድንበር ተሻጋሪ ሆኖ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2005 የሰላም ስምምነት ከተፈረመ ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደ ጁባ ሄደው ሆቴል፣ ምግብ ቤትና ሱቅ ከፍተዋል። ከዕቃዎቻቸውም መካከል ድምፅ ማጉያ የማይጠፋ ሆነ።

የቁጥር እሽቅድምድም

በቫኪዩም ቱቦ ዘመን የዋት ቁጥር ትንሽና ታማኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1947 ዊልያምሰን የተባለው መሐንዲስ ንድፉን ያሳተመውና በዓለም ዙሪያ የታወቀው የቤት ማጉያ 15 ዋት ብቻ ነበረው። ያም ቢሆን ለቤት በቂ ነው ይባል ነበር።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ውስጥ በአሜሪካ የቤል ቤተ ሙከራ ትራንዚስተር ተፈለሰፈ። ትራንዚስተር ቀላል፣ ርካሽና ትንሽ ቦታ የሚይዝ ቢሆንም ከቫኪዩም ቱቦው በአንድ ነገር ይለያል። ቱቦው በግለት የሚሠራ ዕቃ ሲሆን ትራንዚስተር ግን ሙቀትን ይፈራል። የመጀመሪያዎቹ የጀርማኒየም ትራንዚስተሮች ከ100 ዲግሪ በታች ይበላሹ ነበር፤ በኋላ የመጡት የሲሊከኖቹ እንኳ ብዙውን ጊዜ ከ150 ዲግሪ ማለፍ የለባቸውም። ከዚህም በላይ ትራንዚስተሩ ሲሞቅ ብዙ ጅረት ያሳልፋል፤ ብዙ ጅረት ሲያልፍ ደግሞ ይብስ ይሞቃል። ይህ አዙሪት በጊዜ ካልተገታ ዕቃው ይቃጠላል። ስለሆነም ከትራንዚስተር ጋር አብሮ የመጣው ነገር ሙቀትን ወደ አየር የሚያስተላልፈው ክንፋሙ አሉሚኒየም ነው።

አሉሚኒየም ግን ገንዘብ ያስወጣል፤ ክብደትም ይጨምራል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ዓመታት የፋብሪካዎች ውድድር ሲበረታ አሉሚኒየሙን ከመጨመር ይልቅ ቁጥሩን መጨመር ቀላል ሆኖ ተገኘ። ይህ እንዴት እንደሚደረግ በምሳሌ እንመልከት።

አንድ ማጉያ በእያንዳንዱ መስመር ያለማቋረጥ 10 ዋት ይሰጣል እንበል። ይህ የተለካው 8 ኦም ባለው ስፒከር ነው። በ4 ኦም ቢለካ 16 ዋት ያህል ሊሆን ይችላል። ድምፁ ተዛብቶ እስኪንጫጫ ድረስ ቢገፋ ወደ 20 ይደርሳል። የግራና የቀኙ መስመር ሲደመር 40 ይሆናል። ከአማካዩ ይልቅ የሞገዱ ጫፍ ቢቆጠር፣ የጫፉ ኃይል የአማካዩ እጥፍ ስለሆነ፣ 80 ይባላል። ዕቃው አልተለወጠም፤ 10 ዋት የነበረው ግን 80 ሆነ። ከዚያ በኋላ የመጣውና በካርቶኖች ላይ «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» ተብሎ የሚጻፈው ቁጥር ደግሞ ይህን ያህል ስሌት እንኳ የለውም። ለስንት ሺኛ ሴኮንድ፣ በስንት ኦም፣ በምን ያህል መዛባት እንደተለካ የሚወስን የታወቀ ደረጃ ስለሌለው ሻጩ የፈለገውን ቢጽፍ የሚጠይቀው አልነበረም።

የ1974ቱ ደንብና የሢሶው ምሥጢር

ይህን ለማረም መጀመሪያ ከተነሡት አንዷ ምዕራብ ጀርመን ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው የዲ.አይ.ኤን. 45500 ደረጃ «ሃይ ፋይ» ለመባል አንድ ዕቃ ቢያንስ ምን ማሟላት እንዳለበት ወሰነ። ለስቲሪዮ ማጉያ የጠየቀውም በእያንዳንዱ መስመር 6 ዋት ብቻ ነበር። ዛሬ በሺህ የሚቆጠር ዋት ለሚሰማ ጆሮ ይህ የሚያስቅ ቢመስልም እውነተኛ 6 ዋት ምን ያህል እንደሚሠራ ያሳያል።

ጠንካራው ደንብ ግን የወጣው በአሜሪካ ነው። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ1974 ባወጣውና በዚያው ዓመት ኅዳር ወር በሥራ ላይ ባዋለው ደንብ መሠረት የቤት ድምፅ ማጉያ ኃይል የሚያስተዋውቅ ሁሉ በእያንዳንዱ መስመር ያለማቋረጥ የሚገኘውን ዋት፣ በስንት ኦም እንደተለካ፣ ከየትኛው እስከ የትኛው የድምፅ ድግግሞሽ እንደሆነና የመዛባቱን ከፍተኛ መጠን አብሮ መግለጽ ነበረበት። ቁጥሩ ብቻውን እንዳይቆም፣ ሁኔታው ከጎኑ እንዲጻፍ ማለት ነው።

ለእኛ ይበልጥ ትኩረት የሚስበው ስለ ሙቀት የተጻፈው ክፍል ነው። ዕቃው ከመለካቱ በፊት ከተገለጸው ኃይል በሢሶው፣ ማለትም በሦስተኛው እጅ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ይሠራል። ከዚያ በኋላ ነው በሙሉ ኃይሉ የሚፈተነው። ፋብሪካዎች በዚህ አቤቱታ አሰሙ። በሙሉ ኃይል ያልተማረሩ ሰዎች በሢሶው ለምን ተማረሩ? ምሥጢሩ ያለው በሚከተለው ስሌት ነው።

በትራንዚስተር ማጉያ የተለመደውን ቢ-ክፍል የሚባለውን አሠራር ብንወስድ ፍጹም በሆነ ሁኔታ እንኳ ከሚበላው ኃይል ወደ ስፒከሩ የሚያሳልፈው ከ78.5 በመቶ አይበልጥም። 100 ዋት የሚሰጥ ማጉያ ይህን ይመስላል፡-

በሙሉ ኃይል፦ የሚበላው 127 ዋት፣ ወደ ስፒከር የሚሄደው 100 ዋት፣ ሙቀት የሚሆነው 27 ዋት፤
በሢሶ፦ የሚበላው 73.5 ዋት፣ ወደ ስፒከር 33.3 ዋት፣ ሙቀት 40.2 ዋት፤
በስምንተኛ እጅ፦ የሚበላው 45 ዋት፣ ወደ ስፒከር 12.5 ዋት፣ ሙቀት 32.5 ዋት።

ማጉያው ከሁሉ ይበልጥ የሚግለው በጣም ሲጮህ ሳይሆን በመካከለኛ ድምፅ ሲሠራ ነው ማለት ነው። ከፍተኛው ሙቀት የሚገኘው ከሙሉ ኃይሉ 40 በመቶ ላይ ሲሆን ሢሶው ከዚያ ብዙም አይርቅም። ስለዚህ ደንቡ የመረጠው ዕቃው ከሁሉ ይበልጥ የሚቸገርበትን ቦታ ነው። አሉሚኒየሙን ቀንሶ ቁጥሩን የጨመረ ፋብሪካ ፈተናውን ሳያልፍ ይቀራል፤ ወይም ማቀዝቀዣውን ያሳድጋል፤ ካልሆነም ቁጥሩን ይቀንሳል።

ደንቡ በዚያው አልቀረም። ሙዚቃ በአማካይ ከሙሉ ኃይል በጣም ዝቅ ያለ ስለሆነ የሢሶው ፈተና ከሚገባው በላይ ይከብዳል የሚለው ክርክር ተቀባይነት አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ፈተናው ወደ ስምንተኛ እጅ ተቀነሰ። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ ኮሚሽኑ ደንቡን አሻሽሎ የሚነገረው ዋት በ8 ኦም፣ ከ20 እስከ 20,000 ኸርዝ ባለው ድግግሞሽና ከ1 በመቶ ባልበለጠ መዛባት የተለካ እንዲሆን አደረገ።

ይህ ደንብ የአሜሪካን ገበያ እንጂ የአዲስ አበባን መርካቶ ወይም የጁባን ገበያ አያዝም። የሆነ ሆኖ በእነዚህ ገበያዎች ለሚገዛ ሰው የሚጠይቀውን ጥያቄ ያስተምረዋል።

ከ25 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ

በ1974ቱ ደንብ ውስጥ ሌላም የተጻፈ ነገር አለ። ፈተናው በማይንቀሳቀስ አየር ውስጥ፣ ቢያንስ 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሆነ የክፍል ሙቀት ይደረግ ይላል። 25 ዲግሪ ለአዲስ አበባ ሞቅ ያለ ቀን ነው። በጁባ ግን በጥር፣ በየካቲትና በመጋቢት ወሮች የቀኑ ከፍተኛ ሙቀት በአማካይ ከ36 እስከ 38 ዲግሪ ስለሚደርስ 25 ዲግሪ የሌሊት ቅዝቃዜ ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ እንደሚደርስ ስለተተነበየ የደቡብ ሱዳን መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ዘግቶ ነበር። በየካቲት 2025ም ተማሪዎች በጁባ በሙቀት እየተዝለፈለፉ በመውደቃቸው ትምህርት ለሁለት ሳምንት ተቋርጧል። ልጅ የማይችለውን ሙቀት ትራንዚስተር ይችለዋል ብለን የምናምንበት ምክንያት የለም።

ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። የአሉሚኒየም ማቀዝቀዣ ችሎታ የሚለካው በእያንዳንዱ ዋት ከአየሩ በስንት ዲግሪ እንደሚግል ነው። በአንድ ዋት አንድ ዲግሪ የሚግል ማቀዝቀዣ ይኑረን። ከላይ ባየነው ስሌት 40 ዋት ሙቀት ሲደርሰው ከአየሩ በ40 ዲግሪ ይበልጣል። ሙቀቱን የሚያመነጩት ሁለት ትራንዚስተሮች ናቸው እንበል፤ የእያንዳንዱ እምብርት ከማቀዝቀዣው በ30 ዲግሪ ያህል ይልቃል።

በፈተናው ክፍል፦ 25 + 40 + 30 = 95 ዲግሪ፤
በጁባ፣ በግልጽ ቦታ፦ 40 + 40 + 30 = 110 ዲግሪ፤
በጁባ፣ አየሩ 15 ዲግሪ በጨመረበት ዝግ ቡፌ ውስጥ፦ 55 + 40 + 30 = 125 ዲግሪ።

በዚህ ላይ ዳንቴል ሲነጠፍበትና አቧራ ክንፎቹን ሲደፍናቸው የማቀዝቀዣው ችሎታ በሢሶ ቢቀንስ 40 ዲግሪ የነበረው ወደ 60 ያድጋል። ድምሩም 145 ዲግሪ ይሆናል። ወሰኑ 150 ነው። በገና ዕለት ዝም ያለው ማጉያ ይህን ያህል የቀረበው ሆኖ ነው፤ በውስጡ ያለው የሙቀት መከላከያ ባያጠፋው ኖሮ ይቃጠል ነበር።

የአዲስ አበባ ሰውም ሙሉ በሙሉ አይዝናና። ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ከአንድ አምስተኛ በላይ ስለሚሳሳ ሙቀትን ተሸክሞ የመሄድ ችሎታው ይቀንሳል። ብርዱ የሚሰጠውን ከፍታው በጥቂቱ ይቀንሰዋል ማለት ነው። ጁባ በ550 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ወፍራም ነው፤ ነገር ግን ይሞቃል።

ወዲያውኑ ባይቃጠልም ሙቀት ዕድሜን ያሳጥራል። በኃይል አቅራቢው ክፍል ያሉት ካፓሲተሮች ሙቀታቸው በየ10 ዲግሪው በጨመረ ቁጥር ዕድሜያቸው በግማሽ እንደሚቀንስ የታወቀ የመሐንዲሶች ግምት ነው። በዚህ ግምት መሠረት ከ25 ዲግሪ ወደ 40 ዲግሪ የተዛወረ ዕቃ ዕድሜው ወደ ሢሶ ገደማ ይወርዳል።

የመስመሩም ነገር አለ። ጁባ እ.ኤ.አ. በ2011 የአዲሲቱ አገር ዋና ከተማ ከሆነች በኋላ ለብዙ ዓመታት በአመዛኙ የኖረችው በግል ጄኔሬተር ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 መጨረሻ 33 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ከተከፈተ ወዲህ የከተማ መስመር ወደ ብዙ ቤቶች ደርሷል። ይሁን እንጂ ጄኔሬተር ከብዙ ቤት አልጠፋም። ደካማ ጄኔሬተር 230 ቮልት መስጠት ሲገባው ወደ 180 ቢወርድ፣ ማስተካከያ የሌለው ማጉያ ኃይሉ በቮልቱ ካሬ ስለሚቀንስ 100 ዋት የነበረው ወደ 61 ይወርዳል። ሰውም ድምፁ አነሰ ብሎ ጨርሶ ይከፍተዋል። በዚህ ጊዜ ድምፁ ይዛባል፤ ስፒከሩም ይጎዳል።

ስንገዛ ምን እንመልከት?

አንደኛ፣ ከካርቶኑ ይልቅ ጀርባውን እናንብብ። ከመስመር የሚበላው ዋት ወይም አምፔር እዚያ አለ። ሆኖም ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በደኅንነት ደረጃዎች መሠረት ይህ ቁጥር ብዙውን ጊዜ የሚለካው ማጉያው በስምንተኛ እጅ ኃይሉ ሲሠራ ነው። ስለዚህ ሁለት መቶ ዋት የሚሰጥ ደኅና ዕቃ በጀርባው 130 ወይም 150 ዋት ቢል ሐሰተኛ አያሰኘውም። 120 ዋት እየበላ 5000 እሰጣለሁ የሚለው ግን ከጉልበት ሕግ ጋር የተጣላ ነው።

ሁለተኛ፣ አራቱን ሁኔታዎች እንጠይቅ፤ በስንት ኦም፣ በየትኛው ድግግሞሽ፣ በምን ያህል መዛባት፣ በአንድ መስመር ወይስ በሁለቱም በአንድ ጊዜ? ሻጩ የማይመልስ ከሆነ መመሪያ ጽሑፉን ይክፈት። «አር.ኤም.ኤስ.» ወይም «ያለማቋረጥ» የሚለው ቁጥር «ፒ.ኤም.ፒ.ኦ.» ከሚለው ይልቅ የሚታመን ነው።

ሦስተኛ፣ ክብደቱንና ማቀዝቀዣውን እንይ። በአሮጌው አሠራር የተሠራ ማጉያ ብዙ ዋት እሰጣለሁ እያለ በአንድ እጅ በቀላሉ የሚነሣ ከሆነ ትራንስፎርመሩም አሉሚኒየሙም ትንሽ ናቸው። ዲ-ክፍል የሚባለው አዲሱ አሠራር ግን ከሚበላው 90 በመቶ ያህሉን ወደ ስፒከር ሊያሳልፍ ስለሚችል ቀላል ሆኖም እውነተኛ ሊሆን ይችላል። ለሞቃት አገርና በሶላር ለሚሠራ ቤት የሚስማማውም ይኸው ነው።

አራተኛ፣ የስፒከሩን ኦም እናክብር። በ8 ኦም በተሠራ ማጉያ ላይ ሁለት ባለ 8 ኦም ስፒከሮች ጎን ለጎን ቢታሠሩ ጭነቱ 4 ኦም ይሆናል። በትራንዚስተሮቹ ላይ የሚወርደው ሙቀትም እጥፍ ይሆናል። በሠርግ ቤት «አንድ ስፒከር ጨምርበት» ሲባል የሚቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው።

አምስተኛ፣ ብዙ ዋት ማለት በዚያው ልክ ብዙ ድምፅ ማለት እንዳልሆነ እናስታውስ። ለጆሯችን ድምፁ እጥፍ ሆኖ እንዲሰማ ኃይሉ ወደ አሥር እጥፍ ማደግ አለበት። ከ50 ዋት ወደ 100 መውጣት የሚጨምረው 3 ዴሲቤል ብቻ ነው። ይህንኑ 3 ዴሲቤል በአንድ ዋት በአንድ ሜትር ርቀት 88 ዴሲቤል የሚሰጠውን ስፒከር 91 በሚሰጥ በመተካት፣ ያለ አንዳች ተጨማሪ ሙቀት ማግኘት ይቻላል።

ስድስተኛ፣ ዕቃው ይተንፍስ። በዝግ ቡፌ ውስጥ አይግባ፤ በላዩ ዳንቴልም ሆነ ሌላ ዕቃ አይቀመጥበት፤ ከላይና ከጎን ቢያንስ አንድ ስንዝር ክፍት ቦታ ይተውለት። ክንፎቹ ከውጭ ያሉበት ዕቃ ክንፎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ፤ የሞቀ አየር ወደ ላይ ስለሚወጣ። አቧራው ዕቃው ከመስመር ተነቅሎ ሲቀዘቅዝ በደረቅ ብሩሽ ይጠረግ። ማራገቢያ ያለውም ቢሆን ማራገቢያው የሚስበው አየር ሞቃት ከሆነ ከዚያ በታች ሊያቀዘቅዘው እንደማይችል መታወቅ አለበት።

በክፍል ውስጥ

ይህ ርእስ ለፊዚክስ መምህር ጥሩ መማሪያ ነው። ለሙከራው ዕቃውን መክፈት አያስፈልግም፤ ካፓሲተሮቹ ከመስመር ከተነቀሉም በኋላ አደገኛ ክምችት ሊይዙ ስለሚችሉ መክፈትም የለበትም። በትምህርት ቤቱ ያለው ሌላው ዕቃ ሁሉ ይጥፋና ማጉያው ብቻ ይሥራ። በኪሎዋት ሰዓት አንድ ሺህ ጊዜ የሚበራ ቆጣሪ ካለ ተማሪዎቹ በ6 ደቂቃ ውስጥ ብልጭታውን ይቁጠሩ። 6 ጊዜ ቢበራ ማጉያው 60 ዋት ይበላል፤ 12 ጊዜ ቢበራ 120 ዋት ነው። ይህን በዝቅተኛ፣ በመካከለኛና በከፍተኛ ድምፅ ደጋግመው ይመዝግቡት። በተጓዳኝም ከማጉያው ክዳን ላይ የቴርሞሜትሩን ንባብ በየ10 ደቂቃው ይጻፉ። ከዚያ በኋላ ካርቶኑ ይምጣና ቁጥሩ ከመዝገባቸው ጋር ይነጻጸር። ተማሪው ያንን ሰዓት በቀላሉ የሚረሳው አይመስለኝም።

የታሪክ መምህሩም የሚያነሣው ጥያቄ አለው። አንድ መለኪያ ተፈልስፎ፣ በገበያ ተበላሽቶ፣ በሕግ እንደገና ሲቃና የሚታይበት ታሪክ ብዙ ጊዜ አይገኝም። የእህል ቁናና የጨርቅ ክንድ በአገራችን ገበያዎች ያሳለፉትን ታሪክ ከዋት ታሪክ ጋር ማስተያየት ይቻላል።

መደምደሚያ

የ1974ቱ ደንብ ያስተማረው ዋና ነገር ቁጥር ከሁኔታው ተለይቶ ሲቆም ትርጉም እንደሌለው ነው። «ስንት ዋት ነው?» የሚለው ጥያቄ ግማሽ ጥያቄ ነው። «በምን ሁኔታ፣ ለስንት ጊዜ፣ በስንት ዲግሪ ሙቀት?» ሲጨመርበት ሙሉ ይሆናል። ለትምህርት ቤቱ ድምፅ ማጉያ የሚገዛው ገንዘብ ወላጆች ከጎደለው ኑሯቸው ያዋጡት ነው። በስደት ከተማ የሚገዛውም እንዲሁ በላብ የተገኘ ነው። በካርቶን ላይ በታተመ ባዶ ቁጥር መጥፋት አይገባውም።

በጁባ ታውን የነበረው ማጉያ ከቡፌው ወጥቶ፣ ዳንቴሉ ተነሥቶለት፣ በሁለት የእንጨት ጉማጅ ላይ ተቀምጦ በዚያው ዕለት ማታ እስከ መጨረሻው ሠራ። 5000 ዋት ግን አልነበረም፤ ከሠላሳ ወይም ከአርባ ዋት የሚበልጥ ድምፅ የወጣው አይመስለኝም። ለዚያ አዳራሽ እሱ በቂ ነበር። የሄዱት ሰዎች ግማሹ በስልክ ተጠርተው ተመለሱ፤ የቀረውም ስም ተነበበ። የቤቱ ባለቤት በማግሥቱ ዳንቴሉን አጥበው ወንበር ላይ አለበሱት።